በተፍኪ መንገድ ሦስት ጊዜ የተደወለው ደወል፤ የአቶ ደምሰው ቸኮል ዜና ሕይወት

ክቡራን አባቶች፣ የሟች ቤተሰቦች፣ የዕድራችን ሰዎች፣ ይህ የነሐሴ ዝናብ ሳይበግራችሁ እስከ ሀና ማርያም ደጅ የሸኛችሁልን ወዳጆች ሁሉ፤ ቤተሰቡ እንዳነብላችሁ የሰጠኝ ጽሑፍ ሁለት ገጽ ነበር፣ አሁን በእጄ ያለው አራት ነው። የጨመርኩት እኔ ዋቅቶላ ቢሊሱማ ነኝ፤ ከሟች ጋር አርባ ዓመት ብስክሌት የነዳሁ፣ የእሑድ ማኅበራችንም የፊት መሪ የነበርኩ። አቶ ደምሰው ከማረፋቸው ሁለት ቀን አስቀድሞ ለአንዲት እናት የሚደርስ አደራ ሰጥተውኛል፤ እኚያ እናት ዛሬ በመካከላችን ቆመዋል፤ እኔም ሳላደርስ አፈር ይልበሱ ብል አደራ በላ መሆኔ ነው። ስለዚህ ቢረዝምባችሁ ታገሡኝ፣ ጃንጥላ ያልያዛችሁም ወደ ድንኳኑ ጠጋ በሉ።

አቶ ደምሰው ከአባታቸው ከአቶ ቸኮል ወጋየሁ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ተሾመች ማኑሄ በ1949 ዓ.ም. እዚሁ ነፋስ ስልክ ተወለዱ። አባታቸው ከጎጃም መጥተው በአንድ ፋብሪካ በር ላይ በጥበቃ ሲያገለግሉ የኖሩ፣ ንግግራቸው ቁጥብ፣ ቃላቸው አንድ የሆነ ሰው ሲሆኑ፣ እናታቸው ደግሞ ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ እየሸጡ አምስት ልጆች ያሳደጉ ብርቱ ሴት ነበሩ። ሰፈሩ ያኔ ከቤቱ ሜዳው፣ ከሜዳው ጭቃው የሚበዛበት ነበርና፣ ክረምት ገብቶ ሌላው ልጅ በየቤቱ ሲከተት፣ ደምሰው ውሃ የቋጠረውን ሜዳ ዳር ዳሩን ሲዞሩ ይውሉ እንደነበር ታላቅ እኅታቸው ነግረውናል።

ፊደል የቆጠሩት በደብሩ ቄስ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ዳዊት ከደገሙ በኋላ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ገብተው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተምረዋል። ከትምህርቱ ጎን የተማሩት ሌላ ነገር ቢኖር ብስክሌት ነው። በዚያ ዘመን በየሜዳው በዙር የሚከራይ ብስክሌት ነበረ፤ ልጅ ሁሉ የሦስት ዙር ከፍሎ አከራዩ ዘወር ሲልለት አራትም አምስትም ሲያደርግ፣ ደምሰው ግን ሦስተኛው ዙር እንዳለቀ ወርደው «ሞልቷል» ብለው ይመልሱ ነበር። እኩዮቻቸው «ይሄ ጅል!» እያሉ ይስቁባቸው እንደነበር ራሳቸው እየሳቁ ያጫውቱን ነበር። ጨምሮ መቁጠርም ሆነ ዘሎ መቁጠር የማይሆንላቸው ሰው ነበሩ፤ ይህችን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ።

በ1969 ዓ.ም. በመብራት ቆጣሪ አንባቢነት ተቀጥረው፣ ከብስራተ ገብርኤል እስከ ለቡ ድረስ ያለውን መንደር አርባ ዓመት ሙሉ በብስክሌት እየዞሩ አገልግለዋል። ከእናንተ ውስጥ በራችሁን ያልከፈታችሁላቸው ማን ይኖራል? ውሻው የሚያውቃቸው፣ የቤቱ ልጅ በስማቸው የሚጠራቸው፣ ሱሪያቸውን በልብስ መቆንጠጫ ሰብስበው፣ በዝናቡም በፀሐዩም ያው አንድ ሰው ነበሩ። በዚያ ሁሉ ዘመን ቁጥር ተሳስተው አንብበው ሰው ያጉላሉበት ጊዜ መኖሩን አልሰማሁም፤ ያለ ካለ ነገ ከቤቴ መጥቶ ይውቀሰኝ።

በ1978 ዓ.ም. ከወይዘሮ አስቴር ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጸሙ። ሽማግሌ በተላከበት ዕለት የሙሽራዋ አባት «ልጄን የሚጠይቀው ያ በብስክሌት የሚዞረው ነው?» ብለው ሲያመነቱ፣ እናትየው ግን «የሚዞር ቢሆንም ሰዓቱን ጠብቆ የሚመለስ ሰው ነው» ብለው ነገሩን ጨረሱት። ወይዘሮ አስቴር ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ይህን መመለስ በር ላይ ቆመው ጠብቀዋል። ከትዳራቸውም ሚካልንና አምሐን ወልደው፣ አስተምረውና ድረው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል።

አሁን ወደ ማኅበራችን ልምጣ። በ1985 ዓ.ም. የላፍቶ የእሑድ ብስክሌተኞች ማኅበርን ስናቋቁም ከመሥራቾቹ አንዱ አቶ ደምሰው ነበሩ። እሑድ እሑድ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት እዚህ ታች አስፋልቱ ዳር ተሰብስበን፣ በለቡ፣ በፉሪ፣ በዓለም ገናና በሰበታ አድርገን እስከ ተፍኪ ሜዳ ደርሰን እንመለሳለን። ሌሎች ክረምት ሲገባ ብስክሌታቸውን ግድግዳ ላይ ይሰቅላሉ፤ እኛ ግን አንሰቅልም ነበር። «በበጋማ ማን የማይነዳ አለ?» የምትለው የአቶ ደምሰው ነበረች፤ እኛም እንኮራባት ነበር። ተፍኪ በክረምት ሐይቅ እንደሚሆን፣ ነፋሱም የሚያግደው ዛፍ እንኳ እንደሌለው መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ሥርዓታችን ቀላል ነበር። ፊት የሚነዳው እኔ ነፋሱን እበላለሁ፣ ኋላ የሚነዱት አቶ ደምሰው ሰው ይቆጥራሉ። በዝናብ ጊዜ የሰው ድምፅ አይሰማምና እሳቸው በብስክሌታቸው ደወል ይነግሩናል፤ ሁለት ጊዜ ከደወሉ ሞልተናል ማለት ነው፣ ሦስት ጊዜ ከደወሉ ቁሙ፣ ሰው ጎድሏል ማለት ነው። ከመርካቶ አንድ ጥቅል ሰማያዊ ላስቲክ ገዝተን፣ እኩል ቆርጠን፣ እንደ ካባ አሰፍተን እንለብስ ነበርና ከኋላ ሲያዩን ሁላችንም አንድ ነን። ስልኮቻችንንም ውሃ እንዳይገባባቸው በአንድ ከረጢት አድርገን የምናስይዘው ለእሳቸው ነበር። ማን ይታመናል ታዲያ?

እዚህ ላይ የቤተሰቡ ጽሑፍ አንዲት መስመር ብቻ አላት፤ «በ2006 ዓ.ም. በማኅበሩ ላይ በደረሰው አደጋ እጅግ ያዝኑ ነበር» ትላለች። ዛሬ አላልፋትም። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሳልፋት ኖሬያለሁ፣ ይበቃል።

ሐምሌ 13 ቀን 2006 ዓ.ም. እሑድ፣ አሥራ አንድ ሆነን ወጣን። ከመካከላችን አንዱ ኤልያቄም የሚባል የሃያ ዘጠኝ ዓመት ጎልማሳ፣ በብስራተ ገብርኤል የብረት በር በያጅ፣ የወይዘሮ ዶርቃ አንድ ልጅ ነበር። ዝናቡ ዓለም ገና ላይ ጀምሮ ተፍኪ እስክንደርስ አልተወንም። ዞረን መመለስ እንደጀመርን አንድ የጭነት መኪና አልፎን ሲሄድ በመንገዱ የተኛውን ጭቃ ውሃ አንሥቶ ከላያችን ላይ ደፋው፤ ነፋሱም አብሮ ገፋን። እያንዳንዳችን ዓይናችንን እየጠረግን፣ አንገታችንን ደፍተን ነዳን። ኤልያቄም በዚያች ቅጽበት ከመንገዱ ተንሸራቶ፣ ሣር የሸፈነው፣ ውሃ የሞላው ቦይ ውስጥ ወድቆ እግሩ ተሰብሮ ኖሯል። ማንም አላየም።

አቶ ደምሰው ግን ቆጠሩ። ዓይናቸውን እንደጠረጉ ቆጠሩ፣ አሥር ሆንንባቸው፣ ሦስት ጊዜ ደወሉ።

እኔ ሰማሁ። ዞር ብዬም አየሁ፤ አቶ ደምሰው አንድ እግራቸውን መሬት አስረግጠው፣ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው ቆመዋል። ጣቶቼ ደንዝዘዋል፣ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። የአንዱ ጎማ ተንፍሶ ይሆናል፣ ይደርሱብናል አልኩና አንገቴን መልሼ ደፋሁ። ፊት ያለው ካልቆመ ኋላ ያለው አይቆምም፤ ሌሎቹም ተከትለውኝ ሄዱ። ልክ ሦስት ሰዓት ነበር።

አቶ ደምሰው ባዶውን መንገድ ወደ ኋላ ጥቂት ተመልሰው ቢያዩ ሰው የለም። ከዚያ እኛን ሊያስቆሙ በኃይል ነድተው ሰበታ መግቢያ ላይ ደረሱብንና በዚያ ዶፍ ውስጥ እንደገና ቆጠሩ፤ አሥራ አንድ ሰው ሆነን አገኙን። የጎደለ የመሰለኝ ሰው ፊት ነበር ማለት ነው፣ ቅድም የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብለው፣ እግዜርን አመስግነው፣ ሁለት ጊዜ ደወሉ። ሞልተናል። አሥራ አንደኛው ሰው ግን ጸጋአብ የሚባል መንገደኛ ነበር፤ ሀና ማርያም ያለ ወንድሙን ሊጠይቅ በብስክሌት ሲመጣ፣ በዝናብ ብቻዬን ከምሆን ከሰው ጋር ልሁን ብሎ መሐላችን የገባ። እንደ ማንኛውም መንገደኛ ሰማያዊ ላስቲክ ደርቧል። እሱ ምን አጠፋ? ምንም አላጠፋም።

አምስት ሰዓት ላይ፣ ስንመለስ ሁልጊዜ ከምናርፍበት የሰፈራችን ሻይ ቤት በረንዳ ደረስን። ላስቲካችንን እያራገፍን፣ እየተሳሳቅን፣ ከአቶ ደምሰው ከረጢት ስልካችንን አንድ በአንድ ስንቀበል፣ አሥራ አንደኛው ሰው «የእኔ እዚያ የለም፣ እኔማ የእናንተ ሰው አይደለሁም» አለ። ከረጢቱ ውስጥ አንድ ስልክ ቀርቶ ነበር። እያየነው ጠራ። «እማ» ይላል። አቶ ደምሰው ከማንሣት በቀር ምን ያድርጉ? አነሡት። «የኔ ጌታ፣ ደረስክልኝ?» የሚለውን እኛም ሰማን። ወገኖቼ፣ ያችን ድምፅ ከዚያ ወዲህ ያልሰማሁበት ክረምት የለም።

መኪና ለምነን ሮጥን፣ እስኪመሽም ፈለግን፤ የተገኘው በማግስቱ ጠዋት ነው። በዚያ ያሉ አንድ ገበሬ እስከ አራት ሰዓት ግድም የሰው ጩኸት የመሰለ ነገር ሰምተው፣ ነፋስ ነው ብለው እንደተዉት ነገሩን። አራት ሰዓት። ደወሉ የተደወለው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሒሳቡን ለእናንተ አልሠራላችሁም፤ እኔ ግን ሌት ተቀን ስሠራው ኖሬያለሁ።

ፖሊስ ጠየቀን። እኔ «ነፋስ ነበር፣ ደወል አልሰማሁም» አልኩ። በዚያ መንገድ ስንመለስ የክረምቱ ነፋስ ከኋላ ነው፤ ከኋላ የሚነፍስ ነፋስ ደግሞ ድምፅ ይዞ ይመጣል እንጂ አይወስድም። ይህን የማኅበራችን ሰው ሁሉ ያውቃል፣ አንድም ሰው ግን ትንፍሽ አላለም። አቶ ደምሰው ተራቸው ሲደርስ አዩኝና «ቆጠራው የእኔ ነው፣ የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ» ብለው ፈረሙ። በልቅሶው ድንኳን ወይዘሮ ዶርቃ በሐዘን ተቃጥለው «ልጄን ሳይቆጥሩ ጥለውት መጡ!» ሲሉም አንገታቸውን ደፍተው ተቀበሉ። እኔ ከጎናቸው ተቀምጬ ነበር። ሆድ ይፍጀው አልኩ። ይኸው ፈጀው።

ከዚያች ዕለት ወዲህ አቶ ደምሰው ያው ሰው አልነበሩም። ማኅበሩ አሥር ሆኖ ቀረ፣ አሥራ አንደኛ ሰው እንዲገባም አልፈቀዱም። ሲቆጥሩ አሥር ካሉ በኋላ ትንሽ ዝም ይላሉ፤ ያን ዝምታ ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን እናሳልፈዋለን። ዝናቡ በበረታ ቀን ደግሞ «ዛሬም አሥራ አንድ ሆናችሁብኝ» የሚሉበት ጊዜ ነበር፤ እንደገና ቁጠሩ ስንላቸው አይቆጥሩም። በየዓመቱ ሐምሌ 13 ቀን፣ ቀኑ ሥራም ቢሆን ፈቃድ ጠይቀው፣ ብቻቸውን ተፍኪ ይሄዳሉ፤ በቦዩ ዳር ቆመው ሦስት ጊዜ ደውለው፣ የሆነ ሰው እስኪደርስ እንደሚጠብቅ ሰው አንድ ሰዓት ያህል ቆመው ይመለሳሉ። ይህን የነገሩኝ ወይዘሮ አስቴር ናቸው። እኔ ደግሞ ክረምት ክረምት መንዳት ተውኩ። ለምን ሲሉኝ ጉልበቴን ያመኛል እላለሁ። ጉልበቴ ደኅና ነው፤ ነፋስ ከኋላዬ በመጣ ቁጥር ደወል እየሰማሁ ነው።

ወይዘሮ ዶርቃ ቤታቸው ከአቶ ደምሰው ቤት ሦስት በር አይርቅም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አቶ ደምሰው ጠዋት ከብስክሌታቸው ወርደው፣ ቆባቸውን አውልቀው «እንደምን አደሩ» ይላሉ፤ እሳቸው አይመልሱም። አልፈርድባቸውም። አቶ ደምሰውም አንድ ቀን አልታከቱም፣ ተሳልመው እንደሚያልፉት ደጅ በየቀኑ ወርደው ሰላምታቸውን ያቀርቡ ነበር።

ዘንድሮ ሐምሌ 13 እንደገና እሑድ ላይ ዋለ። «ስድሳ ስምንት ዓመትዎ ነው፣ ዝናቡም ከባድ ነው፣ ይቅርብዎ» ብለን ብንለምንም አሻፈረኝ ብለው ሄዱ። ማታ ሲመለሱ ልብሳቸው በውሃ ርሶ ነበር፣ በማግስቱም ሳል ጀመራቸው፤ ሳሉ ወደ ሳንባ ምች ዞሮ ለሦስት ሳምንት ያህል በሕክምናም በጸበልም ሲረዱ ቆይተው፣ ትናንት ነሐሴ 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ ማኅበራችን በሚነሣበት ሰዓት፣ ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

ሐሙስ ዕለት ልጠይቃቸው ገብቼ ነበር። ሚካልን ከክፍሉ እንድትወጣ ጠየቋትና እጄን ይዘው «ዋቅቶላ፣ ባንተ ላይ ማንም እንዲፈርድ አልፈልግም። ግን ለዶርቃ ንገርልኝ፤ ልጅሽን ሳይቆጥር አልመጣም በላት» አሉኝ። እሺ አልኩ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ ዓይኔን አላየውም፤ ምክንያቱም ቆጥረው ነበር ካልኩ፣ «ታዲያ ለምን አልቆማችሁም?» ይባላል። ለዚያ ጥያቄ መልሱ አንድ ብቻ ነው። አቶ ደምሰው እኔን ሳያነሡ እንዲነገር ፈለጉ፤ እኔን ሳያነሣ ግን እውነቱ አይነገርም። አሥራ አንድ ዓመት ያን መልስ የሸፈኑልኝ በራሳቸው ስም ነው።

እትዬ ዶርቃ፤ እዚያ ከጥዱ ሥር ቆመው አያለሁ። ከእነ ሐዘንዎ፣ ከእነ ቅያሜዎ መምጣትዎን እግዚአብሔር ይይልዎ። አቶ ደምሰው ልጅዎን ቆጥረውታል። የጎደለውን ገና እንደጎደለ አውቀውታል። ቁሙ ብለው ሦስት ጊዜ ደውለዋል፤ የሰማሁት እኔ ነኝ፣ ያልቆምኩትም እኔ ነኝ፣ አልሰማሁም ብዬ የዋሸሁትም እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሰላምታ የነፈጉት ሰው የእርስዎን ልጅ ብቻውን የፈለገ ሰው ነው። እኔን ግን በየመንገዱ «ዋቅቶላ፣ እንዴት ነህ?» ይሉኝ ነበር፤ እኔም ደኅና ነኝ እል ነበር። ደኅና አልነበርኩም። ይቅር በሉኝ ብዬ እዚህ መሐል አላስጨንቅዎትም፤ ከዚህ በኋላ በሬ ክፍት ነው፣ ሽማግሌም ይቀመጥ፣ ሕግም ይጠይቀኝ። ለእሳቸው ግን ዛሬ፣ ሣጥኑ ሳይወርድ፣ አንዲት ሰላምታ ቢሰጡልኝ።

አቶ ደምሰው ባለቤታቸውን ወይዘሮ አስቴርን፣ ልጆቻቸውን ሚካልንና አምሐን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ ታላቅ እኅታቸውን፣ ውሻ ሳያስጮሁ የገቡበትን መንደር ሙሉ፣ ከማኅበራቸውም ዘጠኝ ብስክሌተኞችን ትተው አልፈዋል። ዘጠኝ ያልኩት ራሴን ጨምሬ ነው፤ ልቆጠር የሚገባኝ መሆን አለመሆኔን እናንተ ታውቃላችሁ።

እንግዲህ በሕይወት ሳሉ ማንንም ሳይቆጥሩ ያልተመለሱትን ሰው፣ እግዚአብሔር ከቅዱሳኑ ቁጥር ይደምርልን፤ ነፍሳቸውን ዝናብና ነፋስ በማይደርስበት በአብርሃም ዕቅፍ ያሳርፍልን፤ ኤልያቄምንም በዚያ ቆሞ ሲጠብቃቸው ያገናኛቸው፤ ለቤተሰቡ ሁሉ መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።

ሚካል ዛሬ ጠዋት የአባቷን ደወል ከብስክሌቱ ፈታ ሰጥታኛለች፤ ይኸው። የማኅበሩ ሰዎች፣ ብስክሌታችሁን እንደያዛችሁ ወደ ፊት ቅረቡ። ሦስት ጊዜ እደውላለሁ፣ ሁላችንም ባለንበት እንቆማለን።

ጋሼ ደምሰው፣ ሰምቻለሁ። ቆሜያለሁ።